ከሀዋሳ ተነስቶ የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች በሳይክል መዞር፦ የሞከረ አለ?

ሐይቅዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ ነው የምኖረው፣ ሳይክል ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች እግሬን የሚፈትን ነገር ሲያምረኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወንዶ ገነት እወጣለሁ። ፍል ውኃው ጋ ትንሽ አርፌ እመለሳለሁ። አሁን ግን ከዚያ የሚረዝም ነገር ፈልጌአለሁ።

ጥር ላይ ሦስት ቀን እረፍት አለኝ። ሀሳቤ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን በአስፋልቱ ዲላ ገብቼ አድራለሁ። በማግስቱ ወናጎ፣ ከዚያ ጨልባ ቱቱቲ፣ ከዚያ ቱቱ ፈላ ወጥቼ ድንጋዮቹን አይቼ፣ በጫካው በኩል ዞሬ ማታ ዲላ እገባለሁ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሀዋሳ። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ከቱቱ ፈላ ወደ ዲላ አቅጣጫ የሚወርድ ቀጭን መስመር ያሳየኛል። በሳይክል ይነዳል ወይስ የእግር መንገድ ነው? ያለኝ ማውንቴን ነው፣ 21 ማርሽ፣ ጎማው ወፍራም። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ነው የምንሄደው፣ ሁለታችንም ሴቶች ነን። የምታውቁ በደንብ ንገሩን።

ዳገት ወዳድ

እህቴ፣ ሀሳብሽ ደስ ይላል። እኔ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ታህሳስ ላይ ሄጄበታለሁ፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

ሀዋሳ ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዲላ ከሀዋሳ ዝቅ ትላለች፣ ታዲያ ቁልቁለት ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ። መንገዱ ወንዝ በደረሰ ቁጥር ይወርድና መልሶ ይወጣል፣ ከአፖስቶ በኋላ ደግሞ ይብሳል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲጨመርበት ጉልበትሽን ሳታውቂው ይጨርሰዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከከተማው ተነሺ። ጭነት መኪናው ሳይበዛ አፖስቶን ካለፍሽ ግማሹን ሥራ ሠርተሻል።

ወናጎ ላይ አስፋልቱን ስትለቂ ነው እውነተኛው ፈተና የሚጀምረው። ወደ ቱቱ ፈላ የሚወጣው ፒስታ ነው፣ አፈሩ ቀይ። ደረቅ ሲሆን ጥሩ ይይዛል። ትንሽ ካካፋ ግን ጎማሽ ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ሳይክሉን አንቺ ነሽ የምትሸከሚው። እኛ ያገኘነው የአንድ ሌሊት ካፊያ ብቻ ነበር፣ እሱም አሳይቶናል። ጥር የመረጥሽው ጥሩ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን አትሞክሪው።

ቀጭኗን መስመር እኛም አምነናት ነበር። የእግር መንገድ ናት። ከሁለት ሰዓት በላይ እየገፋንም እየተሸከምንም ሄድን፣ አንድ ቦታ ላይ በእንሰቶቹ መሀል መሪው እንኳን አላሳልፍ ብሎን ሳይክሉን በጎኑ አዙረን ነው ያሳለፍነው። የኔ ምክር፦ ከቱቱ ፈላ በወጣሽበት ተመልሰሽ ወናጎ ውረጂና በአስፋልቱ ዲላ ግቢ። ሙሉ ዙር አይሆንም። ግን ሳይመሽብሽ ትገቢያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ። እኔ ዳገቱን ፈርቼ ነበር የሄድኩት፣ የጎዳኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ስንወርድ የኋላ ፍሬኔን ያለማቋረጥ ይዤው ነበር። መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ከዚያ ፍሬኑን ስይዘው እጀታው እስከ መጨረሻው ድረስ ገባ፣ ሳይክሉ ግን አልቆመም። አንድ ጥግ ላይ ያለ የአፈር ግድግዳ ላይ ተደግፌ ነው የቆምኩት። ቸርኬውን ስነካው ጣቴን ፈጀኝ፣ የፍሬን ጎማው ደግሞ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። ክርኔ ላይ ጠባሳው አሁንም አለ።

የወናጎ ልጅ

እዚያው ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አሁን ሥራዬ ሀዋሳ ነው። እንኳን ልትመጡ አሰባችሁ። የመንገዱን ነገር ዳገት ወዳድ በትክክል ተናግሯል።

ጫካ ስላልሽው ግን ልጨምር። ከሩቅ ሲያዩት ጫካ ይመስላል፣ ውስጡ ስትገቢ ግን የሰው ጓሮ ነው። ላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ይጥላሉ፣ ከሥር እንሰቱ አለ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው። እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው፣ ከዛፎቹ ጀርባ ጭስ የሚወጣበት ቤት አለ። እናቴ አንድ ዋንዛ ለመቁረጥ ጎረቤት ሁሉ ሲመክርበት አይታለች። መስከረም 2016 ላይ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ድንጋዮቹ ብቻ አይደሉም የተመዘገቡት፣ ይሄ እርሻና ጥብቅ ደኖቹም አብረው ናቸው። ስለዚህ በዚያ ቀጭን መንገድ የሚሄድ ሰው በሰው ግቢ እያለፈ ነው። ቡና ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ስትደርሱ ውረዱና ሳይክሉን ግፉ፣ ሰላም በሉ። ሰላም ያለ ሰው እኛ ጋ መንገድ አይጠፋበትም።

ጥብቅ ደኖቹ ደግሞ ሌላ ናቸው። ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው፣ እንጨት የማይቆረጥባቸው ቦታዎች ናቸው። ሳይፈቀድላችሁ አትግቡ።

ወደ ድንጋዮቹ ስመጣ፣ ጨልባ ቱቱቲና ቱቱ ፈላ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጨልባ ያሉት ረጃጅም ናቸው፣ አብዛኞቹ ያልተቀረጹ፣ ብዙዎቹም ወድቀው ሣር ውስጥ ተኝተዋል። ቱቱ ፈላ ያሉት አጠር ይላሉ፣ ግን ፊት አላቸው። ዓይን፣ አፍንጫ፣ አንዳንዱ ላይ እጅ ተቀርጾበታል። ከሥራቸው መቃብር ነው። ልጅ ሆኜ አንዷን ለብቻዋ አውቃት ነበር፣ ግራ ዓይኗ ላይ ሽበት የመሰለ፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅል ነጣ ያለ ነገር አለባት፣ ጠዋት ፀሐይ በጎን ሲመታት ፊቷ ይወጣል፣ እኩለ ቀን ላይ ተራ ድንጋይ ትሆናለች። ስለዚህ ቱቱ ፈላን በጠዋት ነው ማየት ያለባችሁ። ቅደም ተከተሉን ቀይሩት፣ መጀመሪያ ቱቱ ፈላ፣ ከዚያ ጨልባ።

ዕድሜያቸውን ለሚጠይቅ፣ ድሮ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ነው ይባል ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን ሳካሮ ሶዶ የሚባለውን ሌላ የጌዴኦ ትክል ድንጋይ ቦታ ወደ አንደኛው ክፍለ ዘመን መልሶታል። እባካችሁ ሳይክል አታስደግፉባቸው። አንድ ጎብኚ ለፎቶ ብሎ አስደግፎ አይቻለሁ፣ ፔዳሉ የተቀረጸውን ትከሻ ሲፍቅ። ያ ሰው ክፉ አልነበረም፣ የነገረው ስለሌለ ነው።

ፒያሳ ጠጋኝ

ልጆቼ፣ ሀዋሳ ሳይክል ስጠግን 30 ዓመት አልፎኛል። እኔ የምለው አጭር ነው።

የፍሬን ጎማ ከመሄዳችሁ በፊት አራቱንም አስቀይሩ፣ አራት ትርፍ ደግሞ ያዙ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዞ መውረድ የለም። ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። የፊቱንም ተጠቀሙ፣ ሰው ይገለብጠኛል ብሎ የኋላውን ብቻ ይጨርሳል። ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ከመነዳሪ፣ አንድ መንፊያ፣ ማጣበቂያና መጣፊያ። ፒስታው ላይ ስትገቡ ከጎማው ትንሽ አየር ቀንሱ፣ አስፋልት ስትመለሱ ንፉ። ሰንሰለቱን ማታ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቀዩ አፈር ከዘይት ጋር ሲገናኝ እንደ ሞረድ ነው የሚበላው።

ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ወንዶ ገነት ዕቃ ጭናችሁ ውጡ። ያለ ዕቃ የወጣ ሰው ዳገት ወጣሁ አይበል።

ሐይቅዳር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም።

ከጓደኛዬ ጋር ተነጋግረን ዕቅዱን ለውጠነዋል። በመጀመሪያው ቀን ጉልበታችንን አስፋልት ላይ ከምንጨርስ ሳይክሎቹን አውቶቡስ ላይ ጭነን ዲላ እንገባለን። በማግስቱ በሌሊት ተነስተን ቱቱ ፈላ ጠዋት ላይ እንደርሳለን፣ በወጣንበት ወርደን ጨልባን እናያለን፣ ማታ ዲላ። በሦስተኛው ቀን ዲላ ሀዋሳን በሳይክል እንመለሳለን። ቀጭኗን መስመር ትተናታል።

የወናጎ ልጅ፣ ግራ ዓይኗ ላይ ሽበት ያለባትን የት ጋ እንደምናገኛት በውስጥ መልእክት ንገረን፣ በጠዋት እንፈልጋታለን።

ጋሼ፣ ሁለቱንም ሳይክሎች ለፍሬኑ ቅዳሜ ጠዋት ላምጣልዎት? ስንት ሰዓት ይከፍታሉ?

ፒያሳ ጠጋኝ

አንድ ሰዓት ላይ አለሁ ልጄ። ሳይክሎቹን አጥበሽ አምጪያቸው።