ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ፎቅ ይሠራ ወይስ ግቢ ይመለስ?

የደቻቱ ልጅ፦ የድሬ ልጆች፣ ሰላም ብያለሁ። ባለፈው እሑድ ሰፈራችን ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ሐሳቡ ከ1998ቱ ጎርፍ ወዲህ እየተጠጋገኑ የኖሩትን የቀበሌ ቤቶች አፍርሶ በቦታቸው ጂ ፕላስ 4፣ ማለትም ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያለው ኮንዶሚኒየም መሥራት ነው። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ዝም አለ። እኔ ዝም ካሉት ነበርኩ፤ እዚህ ልናገር።

ቤቶቹ ይፍረሱ፣ አልቃወምም። በደርግ አዋጅ 47/1967 ከተወረሱ ጀምሮ ኪራያቸው ጥቂት ብር ስለሆነ ተከራዩም ቀበሌውም በደንብ አላደሳቸውም። የምቃወመው የሚተካቸውን ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ እናቴ ፍራሽ አውጥታ ግቢ ውስጥ ታነጥፋለች፤ ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይወስዳትም። ጎረቤቶቻችንም እንደዚሁ። አንድ የኒም ዛፍ ሥር አራት ቤተሰብ ያድራል። አራተኛ ፎቅ የገባ ሰው ፍራሹን የት ያነጥፋል?

ግንበኛው፦ እህቴ፣ ያልሽው ይገባኛል፤ ግን መሬቱንም እዪው። ድሬ በደቡብ በኩል ተራራ ነው፣ መሐሏን ወንዝ ይሰነጥቃታል። ሁሉም ሰው ግቢ ይኑረው ካልን ከተማው ወደ ሜዳው እየሸሸ ይሄዳል፣ ድሃው ከገበያው ይርቃል። ቀፊራ ገበያ ቸርችራ የምታድር እናት በየቀኑ የባጃጅ ሒሳብ ከየት ታመጣለች? አራት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ላይ አሥራ ስድስት ማስገባት ይቻላል። ደግሞም ብሎኬትና ኮንክሪት ጎርፍ ይችላል። ጭቃ ቤት ምን እንደሚሆን በ1998 አይተናል።

የባቡር ጡረተኛ፦ ልጆቼ፣ ያን ሌሊት ካነሳችሁት እኔም ልናገር። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ ነው። ውኃው ከላይ፣ ከደጋው ተጠራቅሞ ሰው ተኝቶ ሳለ ደረሰ። ከ250 ሰው በላይ አለቀ። ደቻቱ በጋውን አሸዋ ነው፤ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። ስለዚህ ወንዝ መሆኑ ይረሳል።

ግንበኛው፣ ኮንክሪት ጎርፍ ይችላል ያልከው እውነት ነው፤ ሕንፃው ቆሞ ይቀራል። ግራውንድ ላይ ሰው አስተኝታችሁ ከሆነ ግን ሕንፃው ቆሞ ሰው ይወሰዳል። ግራውንዱ ሱቅ ይሁን፣ መጋዘን ይሁን፤ ማንም አይደርበት። ለወንዙም ዳር ዳሩን ተዉለት።

የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ፦ አቦ፣ እኔ ሁለቱንም ኖሬበታለሁ። ያደግኩት መጋላ ሰፈር፣ በግቢ ቤት ነው፤ አሁን ኮንዶሚኒየም ተከራይቻለሁ። የደቻቱ ልጅ፣ ግቢውን በጣም አታሳምሪብን። ሃያ ሰው ለአንድ ሽንት ቤት ሲሰለፍ ታውቂዋለሽ። ሌሊት ሴት ልጅ ባትሪ ይዛ ስትወጣ እናቷ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ዛሬ የራሴ ሽንት ቤት አለኝ፤ ይሄን በምንም አልለውጥም።

ግን ሙቀቱ ላይ እውነትሽን ነው። የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ወደ ምዕራብ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እጄን ሳሳርፍበት እንደ ምጣድ ይፋጃል። ውኃም ሌላ ጣጣ ነው። ግፊቱ ሲደክም ጀሪካን ተሸክሜ እወጣለሁ። ባለፈው ቧንቧ ሠራተኛው መስመሩን ቆርጦ አሳየኝ፤ ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተሞልቶ እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ ብቻ ቀርታለች። የድሬ ውኃ ጠጣር ነው፣ ጀበናችን ሁሉ ያውቀዋል። ፎቅ ከተሠራ ቧንቧው ተፈትቶ የሚጸዳ፣ ጣራው ላይም ታንከር ያለው ይሁን።

ግንበኛው፦ የእህታችን ግድግዳ የሥራ ስህተት አይደለም፣ የፕላን ስህተት ነው። እኔ የሠራሁባቸው ፕላኖች አዲስ አበባ ላይ ከሚሠራው አይለዩም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ብርድ አለ፣ ፀሐይ ይፈለጋል። እኛ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ረጅሙ ግድግዳ ወደ ሰሜንና ደቡብ፣ ጠባቡ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ቢዞር የጠዋትና የማታ ፀሐይ ብዙ ግድግዳ አያገኝም። ይህ አንድ ብሎኬት እንኳ አይጨምርም፤ ቀያሹ ችካል ሲመታ የሚወሰን ነው።

የባቡር ጡረተኛ፦ ከዚራ፣ የድሮው የባቡር ሰፈር፣ ሂዱና እዩ። ባቡሩ በ1895 ድሬ ሲደርስ መንገዱ ተቀየሰ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ ተተከለ። ቤቶቹ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ መስኮታቸው የእንጨት መዝጊያ ያለው ነው። እኩለ ቀን ላይ እዚያ ጥላ ለጥላ ይሄዳል። መሐንዲስ ድሬን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

የደቻቱ ልጅ፦ ጋሼ፣ ስለ ግራውንዱ ያሉትን እቀበላለሁ፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። ሽንት ቤቱንም እቀበላለሁ፣ እህቴ። እንግዲህ ፎቅ ይሁን፤ ግን ጂ ፕላስ 2፣ መሐሉ ግቢ ያለው፣ ዛፉ የማይቆረጥበት፣ ጣራው ላይ ሰው ወጥቶ የሚተኛበት ሰገነት ያለው። የአሥራ ስድስቱን ቤተሰብ ቁጥር እንደማንሞላ አውቃለሁ፤ ዘጠኝ ወይም አሥር ገብቶ በሰላም ቢኖር ይሻላል እላለሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። እናቴ የምትኖረው በሚጥሚጣና በበርበሬ ንግድ ነው። እሷ ለኮንዶሚኒየሙ የሚከፈል 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ የላትም። ቤቱ ደርሷት ለሌላ ሰው አከራይታ ከከተማ ዳር ጭቃ ቤት ፍለጋ የምትሄድ ከሆነ ሰፈሩ ዳነ አልልም። ሐሙስ ስብሰባው ሲቀጥል መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው።

ግንበኛው፦ ሐሙስ እኔም እመጣለሁ። ጋሼ፣ የዚያ ሌሊት ውኃ እስከየት እንደደረሰ የሚያሳይ ምልክት ቀርቷል?

የባቡር ጡረተኛ፦ ቀርቷል። የእኛ ጓዳ ግድግዳ ላይ ከትከሻዬ በላይ ነው። ከዚያ በታች ቀለም አይዝም፣ በየዓመቱ ይላጣል።

ግንበኛው፦ ሜትር ይዤ ቀደም ብዬ እደርሳለሁ። የመጀመሪያው የመኝታ ወለል ከዚያ በላይ መሆኑን በቁጥር ጽፈን እናስገባለን።