ከኢትዮጵያ ለዬል (የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ) ማመልከት
ጥያቄ፦ 12ኛ ክፍል ነኝ። በኮመን አፕ (ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በኢንተርኔት የሚሞላ የጋራ ማመልከቻ) ለዬል ላመለክት ነው። የማመልከቻ ክፍያውን ካልቻልኩስ? ስሜንስ እንዴት ልጻፍ?

መልስ 1፦ ክፍያው አያስጨንቅህ፣ እዚያው ፎርሙ ላይ ነጻ እንዲደረግልህ ጠይቅ። ዬል የውጭ ተማሪንም መክፈል አይችልም ብሎ አይጥልም። ግን የገንዘብ እርዳታ ለማግኘት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን የቤተሰብ ገቢ ቅጽ መሙላት አለብህ፤ የቤተሰብ ገቢ ማስረጃ ከአሁኑ ሰብስብ።

መልስ 2፦ ስምህን በፓስፖርትህ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፍ። ውጤቱን ለዬል የምትልከው ፈተና ላይ አንድ፣ ማመልከቻው ላይ ሌላ ከሆነ ውጤትህ ከፋይልህ ጋር ላይገናኝ ይችላል።

መልስ 3፦ የ2 መምህራንና የትምህርት ቤት አማካሪ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። መምህሩ ደብዳቤውን የሚልክበትን የኢሜይል አድራሻ አንተ አትክፈትለት፣ ጥርጣሬ ያመጣል! የመደበኛው ማመልከቻ የመጨረሻ ቀንም ጃንዋሪ 2 እንጂ ጥር 2 አይደለም፤ በእኛ ታኅሣሥ 24 አካባቢ ነው።