የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ውጤት ወደቀ፤ ዓርብ የማሻሻያ ዕቅድ አምጣ ተብያለሁ

ጠያቂ፦ ሰላም መምህራን፣ አስቸኳይ ነው። እነዋሪ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ ዲፓርትመንት ኃላፊ ነኝ፤ ዘንድሮ ነው የተመደብኩት። የ9ኛ ክፍል የሴሚስተር ውጤት ሲተነተን በአንድ መምህር ሴክሽኖች ከግማሽ በላይ ተማሪ ከ50 በታች ሆነ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዓርብ ጠዋት ዕቅድ ይዘህ ግባ አለኝ። መምህሩ እኔንም ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሌሰን ፕላናቸውን በየሳምንቱ አይቼ እፈርማለሁ፣ ምንም አይጎድለውም። ምን ብዬ ልጻፍ?

ባዮሎጂው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ቲቶሪያል ስጡ።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እይ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ። ያ ውድቀት 12ኛ ክፍል ላይ አልተጀመረም፣ 9ኛ ላይ የተዘለለው ነው እየተጠራቀመ የሄደው። ርዕሰ መምህሩ ከስብሰባ ስብሰባ ሲሮጥ ይውላል። መምህሩ ክፍል ድረስ ዘልቆ የሚያይ አለቃ ቢኖር አንተ ነህ። ፊርማ አያስተምርም።

የደነባ ልጅ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ልጁ ከ8ኛ ሲመጣ ክፍልፋይ መደመር አይችልም፤ ትምህርት የተቋረጠበት ጊዜም አለ። በዚህ ላይ ኃላፊው ሙሉ ሎድ ያስተምራል። ዲፓርትመንት ኃላፊ ምን ሊያመጣ?

አምባው፦ ያስተማረህን ሰው ልትገመግም ነው? የጅሩ ሰንጋ ካልጣልክላቸው አይታረቁህም!

መምህርት ዘሸዋሮቢት፦ ወንድሜ፣ ማርክ ሊስቱን ተወውና የፈተናውን ወረቀት አውጣ። ከየሴክሽኑ ከላይም ከመካከልም ከታችም ጥቂት ወረቀት ለይና የቱ ጥያቄ ላይ እንደወደቁ ቁጠር። እኛ ጋ 2(ኤክስ − 3) = 10 የሚል ነበር። ብዙዎቹ 2ኤክስ − 3 = 10 ብለው ጽፈው 6.5 አወጡ፤ መልሱ 8 ነው። ልጆቹ እኩልታ መፍታት አላቃታቸውም፣ 2ን ቅንፍ ውስጥ ካለው ከ3 ጋር አላባዙትም። ሙሉውን ምዕራፍ ከመድገም ያቺን ብቻ ሁላችንም በአንድ ሳምንት መልሰን አስተማርናት። መምህርህንም «ለምን ወደቁ» አትበላቸው። ወረቀቱን ዘርግተህ «ጋሼ፣ ይቺን እርስዎ ከምን ይጀምሯታል?» በላቸው። ለመሆኑ ፈተናው ለሁሉም ሴክሽን አንድ ነው?

ጠያቂ፦ አይደለም፣ እያንዳንዱ መምህር የራሱን ነው የሚያወጣው። ምክትሉ ግን የሚያየው ሠንጠረዡን ነው።

መምህርት ዘሸዋሮቢት፦ እንግዲያውስ ማን እንደወደቀ በምን ታውቃለህ? ምናልባት የእሳቸው ፈተና ነው የጠነከረው። ዕቅድህ ላይ በመጀመሪያ የጋራ ፈተናና የጋራ የእርማት መመሪያ ጻፍ። ቀጥሎ የዲፓርትመንት ስብሰባውን ከቃለ ጉባኤ አውጥተህ በየጊዜው አንድ ስህተት ላይ አድርገው። ሦስተኛ እርስ በርስ ክፍል ግቡና ተያዩ፤ የአንተን ክፍል እሳቸው ቀድመው ይዩ። ለዚህ ሁለት ሦስት ፔሬድ እንዲቀነስልህ በጽሑፍ ጠይቅ። የደነባው ልጅ እውነቱን ነው፣ ሰዓት የሌለው ኃላፊ ከመፈረም አያልፍም።

ባዮሎጂው፦ ቲቶሪያሉን እንዳትረሳ።

የደነባ ልጅ፦ ምኑን ነው የሚያስጠናው? ያው ትምህርት ያው በገባበት መንገድ ቅዳሜ ቢደገም ልጁን ከአጨዳ ማስቀረት ብቻ ነው። የሳቱት ጥያቄ ተለይቶ ከሆነ ግን እኔም እስማማለሁ።

ጡረተኛው፦ አንድ ነገር ልጨምር። ዕቅዱን ለምክትሉ ከማስገባትህ በፊት ሐሙስ ለመምህርህ አንብብላቸው። ስማቸውን ከዕቅዱ አውጣና «የ9ኛ ክፍል መምህራን» በል።

የደነባ ልጅ፦ ጠያቂ፣ ስለ ፔሬዱ ምን አሉህ?