ሠራተኛው እንዲራመድ ብር ይከፈለው ወይ?

የኮሚቴው አባል፣ አዲስ አበባ፦

በምሠራበት መሥሪያ ቤት 200 ያህል ነን፤ አብዛኞቻችን ጠዋት ወንበር ላይ ተቀምጠን ማታ የምንነሣ ሰዎች ነን። ባለፈው ዓመት ሁለት ባልደረቦቻችን በስትሮክ ወደቁ። አንዷ አገግማ ተመለሰች፤ አንዱን ቀበርነው። 46 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አስተዳደሩ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ በወር ውስጥ ቢያንስ 20 ቀን፣ በቀን 7,000 ርምጃ የተራመደ ሠራተኛ በደመወዙ ላይ 600 ብር ይጨመርለት፤ ቆጠራውን ስልኩ ያድርገው። ሐሳቡን የሚመረምር አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቁሞ ሁለቱ ይከፈል፣ ሁለቱ አይከፈል ብለው የእኔን ድምፅ እየጠበቁ ነው። እኔ ገና አልወሰንኩም። ሰው ለገዛ ጤናው ለሚያደርገው ነገር ገንዘብ መክፈል ተገቢ ነው? ተገቢስ ቢሆን ውጤት ያመጣል? የምታውቁትን ንገሩኝ፤ ድምፄን የምሰጠው ዓርብ ነው።

የኢኮኖሚክስ መምህር፣ ባሕር ዳር፦

እኔ ይከፈል ከሚሉት ወገን ነኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ በብዛት ከሚጠቀሱት ሙከራዎች አንዱ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎቹ ጋሪ ቻርነስ እና ኡሪ ግኒዚ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ጂም ከሄዱ 100 ዶላር እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው። ክፍያው ካበቃ በኋላም ካልተከፈላቸው ተማሪዎች በልጠው መሄዳቸውን ቀጠሉ፤ ለውጡ የታየውም ቀድሞ አዘውትረው በማይሄዱት ላይ ነው። ልማድ ሲጀመር ዳገት አለው፤ ገንዘቡ ያንን ዳገት ያወጣል።

ከእናንተ ዕቅድ ጋር የሚቀራረበው ደግሞ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ 281 ሠራተኞች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ነው። ግቡ ልክ እንደ እናንተ በቀን 7,000 ርምጃ ነበር። ምንም ያልተከፈላቸው ከመቶ ቀን በ30ው ግቡን መቱ። ግቡን ለመቱበት ቀን 1.40 ዶላር የተሰጣቸው 35 ላይ ቆሙ፤ እምብዛም አልራቁም። ሌላው ቡድን ግን በወሩ መጀመሪያ 42 ዶላር ተመደበለትና ባልተራመደበት ቀን ሁሉ 1.40 እየተቀነሰበት ሄደ። ይህኛው 45 ደረሰ። ገንዘቡ አንድ ዓይነት ሆኖ አሰጣጡ ብቻ ነው የተለየው። ሰው ነገ ይመጣልኛል ለሚለው ከሚሮጥ ይልቅ በእጁ የገባው እንዳያመልጠው ይሮጣል። ስለዚህ 600 ብሩን በወሩ መጀመሪያ በስሙ መዝግቡለትና ባልተራመደበት ቀን ቀንሱበት።

ነርስ፣ ሜሪላንድ፦

ወንድሜ፣ የፔንሲልቬንያውን ታሪክ መጨረሻ አልነገርከንም። ከ13 ሳምንት በኋላ ክፍያው ሲቆም በቡድኖቹ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልቀረም። ያቺ 45 ገንዘቡ እስካለ ድረስ ብቻ የኖረች ቁጥር ናት።

“ቀንሱበት” ያልከው ደግሞ አስደነገጠኝ፤ ቅነሳ እዚህ አገር የት እንዳደረሰ አይቻለሁና። በዌስት ቨርጂኒያ የመንግሥት ሠራተኞች የጤና መድን ላይ ርምጃና ሌላም የሚቆጥር ፕሮግራም መጥቶ፣ ነጥብ ያላጠራቀመ ሰው በወር 25 ዶላር ተጨማሪ እንዲከፍል ታስቦ ነበር። ደመወዛቸው ዝቅተኛ የሆነ መምህራን ይህ ሲጨመርባቸው መረራቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 በግዛቱ 55ቱም ካውንቲዎች (እንደ ወረዳ ናቸው) ሥራ ሲያቆሙ ካስቆጧቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ግዴታውም ተነሣ። አሠሪው “ለጤናችሁ ብዬ ነው” ሲል ሠራተኛው የሰማው “ሰውነታችሁም የእኔ ነው” የሚል ነበር።

ከራሴም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ ርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ታደለን። 12 ሰዓት ሙሉ ታካሚ ስናነሣና ስናገላብጥ የምንውለው እኛ ነርሶች በርምጃ አንደኛ ወጣን፤ ወገባችን ግን ያንን ሽልማት አልፈለገውም፣ ዕረፍት ነበር የሚፈልገው። ከመካከላችን አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ርምጃዋ ለምን እንደቀነሰ አለቃዋ ጠየቃት። ገና ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን ነገር ለአለቃ አስረድታ ተመለሰች። ያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብታ ስታለቅስ አጠገቧ ነበርኩ። እባካችሁ በስልክ ስለሚደረገው ቆጠራ ደጋግማችሁ አስቡ።

ጸሐፊ፣ የካ አባዶ፦

እኔ ከየካ አባዶ ሜክሲኮ የምመላለስ ነኝ። ከቤት የምወጣው ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ለአውቶቡስ እሰለፋለሁ፤ ማታ ስመለስ ሁለት ሰዓት አልፏል። 600 ብር ለእኔ ገንዘብ ነው፤ አልዋሽም። ግን ሰዓቱን ከየት ላምጣው? ከእንቅልፌ ልቀንስ ወይስ ከልጆቼ?

ደግሞ ብሩን ማን እንደሚወስደው ከአሁኑ ማወቅ ይቻላል። ቤቱ ቅርብ የሆነ፣ ድሮም ቅዳሜ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ሲሮጥ የሚታየው ሰው ነው የሚወስደው። በእኛ ቢሮ ሻይ የሚያመላልሱ እናት አሉ። አራት ፎቅ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወጡና እንደሚወርዱ ማንም ቆጥሮላቸው አያውቅም፤ ስልካቸው መደወልና መቀበል ብቻ ነው የሚችለው። በክራንች የሚሄድ የመዝገብ ቤት ባልደረባም አለን። የእሱ 7,000 ርምጃ ስንት ነው?

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ደሴ፦

እኅታችን ብሩን ማን እንደሚወስደው የተናገረችው በጥናትም የታየ ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሠራተኞች በዕጣ ተከፍለው አንዱ ወገን የገንዘብ ማበረታቻ ባለው የጤና ፕሮግራም ውስጥ እንዲገባ ተጋበዘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ፤ የተጋበዘው ወገን ካልተጋበዘው በላይ ጂም አልሄደም፤ የሕክምና ወጪውም አልቀነሰም። በፈቃዳቸው የገቡት ግን ድሮም ጤነኞችና ለሕክምና ትንሽ የሚያወጡ ሰዎች ሆነው ተገኙ። እንግዲህ የእናንተን እናስላው፦ 600 ብር በ200 ሠራተኛ፣ በ12 ወር፣ ሁሉም ካሟላ 1,440,000 ብር ነው። በዚያ ላይ ከደመወዝ ጋር የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ ስለሆነ የሥራ ግብር ይቆረጥበታል፤ 600ው በሠራተኛው እጅ 600 ሆኖ አይገባም።

የቤተሰብ አማካሪ፣ ሐይፋ፦

መምህሩ የጠቀሱት ግኒዚ ራሱ ከአልዶ ሩስቲቺኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ሌላ ጥናት አለ፤ የተደረገውም እኔ በምኖርባት በእስራኤሏ ሐይፋ ነው። በአሥር መዋዕለ ሕፃናት ልጆቻቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆች ተቆጠሩ፤ ከዚያ በስድስቱ ለሚዘገይ ሰው 10 ሰቅል ቅጣት ተጣለ። የዘገዩት ጨመሩ። ቀድሞ “መምህርቷ ትጠብቀኛለች” ብሎ ይጨነቅ የነበረው ወላጅ አሁን ከፍሎ የሚዘገይ ደንበኛ ሆነ። በጣም የሚያሳዝነው ግን ቅጣቱ ሲነሣም የዘገዩት ሰዎች ቁጥር አለመመለሱ ነው። ገንዘብ አንዴ የገባበት ቦታ፣ ገንዘቡ ሲወጣ የቀድሞው ስሜት አይመለስም። ምሳ ሰዓት ላይ ተጠራርተው የሚራመዱ ባልደረቦች ካሏችሁ በብር አትንኳቸው።

ሒሳብ ሠራተኛ፣ ደሴ፦

በዚህ አልስማማም። ዕድራችን ቀብር ላይ የቀረን ሰው ይቀጣል፤ አባቴም ይቀጡ ነበር፣ እኔም እቀጣለሁ። እስከ ዛሬ ግን “ቅጣቱን እከፍላለሁ፣ ቀብር አልሄድም” ያለ ሰው በሠፈራችን አላየሁም። የሐይፋው ወላጅ የከፈለው ለማያውቀው ድርጅት ነው፤ እኛ የምንቀጣው ነገ ድንኳናችንን በሚተክልልን ሰው ፊት ነው። ቅጣቱ ይሉኝታውን አልገደለውም፤ ተደግፎበት ቆመ እንጂ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡን የሚሰጠውና የሚቀጣው ማን እንደሆነ ነው።

የስኳር ታካሚ፣ ሚኒያፖሊስ፦

ሁላችሁም የተናገራችሁትን አከብራለሁ፤ ግን እኔን ያስነሣኝ ብሩ ነው። 58 ዓመቴ ነው። ሐኪሜ በሳምንት 150 ደቂቃ እንድራመድ ሦስት ዓመት ነገረኝ፤ ባለቤቴ ለመነችኝ፤ ልጄ ጫማ ገዛችልኝ፣ ጫማው ሳጥኑ ውስጥ ቀረ። አንድ ክረምት ቀጣሪዬ ጂም ለሄድኩበት ቀን መክፈል ጀመረ። የሄድኩት ለእናቴ በየወሩ የምልከውን ለመሙላት ነበር። ክፍያው ስድስት ወር ቆይቶ ቆመ፤ እኔ ግን አላቆምኩም፤ በእነዚያ ወራት እዚያ ከሁለት የጎንደር ሰዎች ጋር ተዋውቄ ነበርና ካልመጣሁ ይደውሉልኛል። ጥናቶቹ ስለ ብዙው ሰው እውነት ይናገሩ ይሆናል። ነገር ግን ከእናንተ 200 ሰዎች መካከል እንደ እኔ ምክርና ልመና ያልገባው ሰው ቢኖርስ? በጥናት ስሌት ውስጥ እኔ ትንሽ ቁጥር ነኝ፤ በቤቴ ግን አባት ነኝ። የቀበራችሁት ባልደረባችሁም እንዲሁ ነበር።

ነርስ፣ ሜሪላንድ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው። ይህን ካነበብኩ በኋላ “ምንም አይከፈል” የሚለውን ሐሳብ ትቻለሁ። ቆጠራው አለቃ እጅ እንዳይገባ የሚለውን ግን አልተውም።

የኢኮኖሚክስ መምህር፣ ባሕር ዳር፦

እኔም አንዱን ሐሳቤን ትቻለሁ፦ ቅነሳው በአሠሪው እጅ ይሁን ያልኩትን። ከዌስት ቨርጂኒያው ይልቅ የነፍሰ ጡሯ ታሪክ ነው ያሸነፈኝ።

አሁን ወደ ሐሳቤ የሚቀርበው አንድ ሌላ ሙከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ 1,000 ሠራተኞች መካከል ለአንድ ወር ጂም ለሄዱበት ቀን 10 ዶላር፣ በሳምንት እስከ ሦስት ቀን፣ ተከፈለ። ወሩ ሲያልቅ የአብዛኛው ልማድ እየላላ ሄደ። ለግማሾቹ ግን አንድ ነገር ተጨመረላቸው፦ ከፈለጉ የራሳቸውን ገንዘብ ያስይዛሉ፤ 14 ቀን ሙሉ ጂም ሳይሄዱ ካለፉ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። ይህ አማራጭ የቀረበላቸው ሠራተኞች ልማዳቸው ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ቆየ። የደሴው ወንድማችን ዕድር ያለው ይኸው ነው፤ ሰው በፈቃዱ ገብቶ፣ የራሱን ገንዘብ አስይዞ ራሱን አሰረ።

ጸሐፊ፣ የካ አባዶ፦

ገንዘብ አስይዙ ካላችሁኝ መጀመሪያ የምራመድበትን ሰዓት ስጡኝ።

የኮሚቴው አባል፣ አዲስ አበባ፦

ሁሉንም አንብቤ ለኮሚቴው የምይዘው ይህ ነው። 600 ብሩን እቃወማለሁ። በምትኩ ለዚሁ የተያዘው ገንዘብ ወደ ሰዓት ይቀየር እላለሁ፦ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከምሳ ሰዓት ጋር የተያያዘ ግማሽ ሰዓት፣ ከሥራ ሰዓት ተቆርሶ ለሁሉም ይሰጥ፤ ለጸሐፊዋም፣ ሻይ ለሚያቀርቡትም፣ ለጥበቃውም በተራ። ሻይ የሚያቀርቡት እናት ሊቀመጡበት ከፈለጉ ይቀመጡ፤ ሲመላለሱ ነው የዋሉት። በክራንች የሚሄደው ባልደረባችንም በሰዓቱ ምን እንደሚያደርግ ራሱ ይወስን። ርምጃ አይቆጠር፤ ስልክም አይታይ። የሚፈልጉ ደግሞ በመካከላቸው የእግር ጉዞ እቁብ ይመሥርቱ፤ ዳኛውንም፣ የቅጣቱንም ልክ ራሳቸው ይምረጡ፤ ከአስተዳደር ማንም አይግባበት። ለሚኒያፖሊሱ አባታችን ስል አንድ ነገር ጨምሬያለሁ፦ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ እቁቡ ውስጥ የገባ ሰው መነሻ ክፍያውን መሥሪያ ቤቱ ይሸፍንለት።

ትናንት ይህንን ለኮሚቴው ሰብሳቢ በቃል ነግሬያቸው ነበር። 1,440,000 ብር ለማውጣት የተዘጋጁት ሰው፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ሲባሉ ፊታቸው ተለዋወጠ። “ሥራው ማን ይሠራዋል?” አሉኝ። ዓርብ የምከራከረው በዚህ ላይ ነው። በሥራ ሰዓት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጊዜ የሰጠ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ሥራው እንዴት እንደተሸፈነ እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉልኝ።