«በላቡ ያገኘው» ማለት ምን ማለት ነው? የአብራሞቪች ነገር

የመድፈኛው ልጅ፦
ትናንት ታክሲ ውስጥ ነኝ። የስፖርት ፕሮግራም ተከፍቷል። አዘጋጁ ስለ ቼልሲ የድሮ ባለቤት፣ ስለ ራሺያዊው ቢሊየነር እያወራ «አብራሞቪች በላቡ ያገኘውን ሀብት እንግሊዞች ቀሙት» አለ። በላቡ! ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። እስቲ ቼልሲዎች አስረዱኝ። ሰውየው በ1995 ቤሬዞቭስኪ ከሚባል ሌላ የራሺያ ባለሀብት ጋር ሆኖ ሲብኔፍት የሚባለውን የራሺያ መንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ግማሹን በ100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያዘ። በ2005 ሰባ ምናምን ከመቶውን ለመንግሥቱ የጋዝ ኩባንያ ለጋዝፕሮም በ13 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። አሥር ዓመት ነው። ምን ዓይነት ላብ ነው ይሄ? (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ ደግሞ እዚያ ላይ እንዳትጨቃጨቁ።)

ሰማያዊ እስከ ሞት፦
ጀመረህ ደግሞ! ሰውየው እኮ ወላጅ አልባ ነው። አራት ዓመት ሳይሞላው እናትም አባትም አልነበሩትም። ኡኽታ በምትባል የበረዶ አገር ዘመድ ነው ያሳደገው። ወታደር ቤት ገብቶ ወጣ፤ ከዚያ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ከመሸጥ ነው የተነሳው። አንተ ከአባትህ ቤት ሳትወጣ ስለ ላብ ታወራለህ።

የመድፈኛው ልጅ፦
አባቴን ተወው። አሻንጉሊት መሸጥ ላብ ነው፣ እሺ። ከአሻንጉሊቱ እስከ ኦምስክ፣ እስከ ሲብኔፍት ነዳጅ ማጣሪያ ያለውን መንገድ ንገረኝ።

ጋሽ ሞስኮ፦
ልጆች፣ እኔ ያኔ እዚያው ራሺያ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ከተላኩት ነኝ። የእኛም አገር መንግሥት ተለወጠ፣ የእነሱም አገር ሶቪየት ኅብረት ፈረሰ። ስቲፔንዳችን፣ የተማሪ ድጎማችን፣ ዳቦ መግዛት አቃተው። በ1992 ለእያንዳንዱ ዜጋ ቫውቸር የሚባል ወረቀት ታደለ። ላዩ ላይ 10,000 ሩብል ይላል። ፋብሪካው ሁሉ የሕዝብ ነውና ይቺ ድርሻችሁ ናት ተባሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንላለን፤ እነሱ ግን ለቀቁ። ዋጋ በየሳምንቱ ሲንር ምን ያድርጉ? የዶርማችን ጠባቂ የእሷንም የባሏንም በቮድካ ለወጠችው። አርባ ዓመት የሠራች ሴት ናት። ላብ ካላችሁ ያ ነው ላብ።

ሰማያዊ እስከ ሞት፦
ጋሼ አከብርዎታለሁ። ግን ሴትዮዋን ቮድካ ያስጠጣት አብራሞቪች ነው እንዴ?

ጋሽ ሞስኮ፦
አላልኩም። ሲብኔፍትማ በቫውቸር አልሄደም፤ የሱ መንገድ የባሰ ነው። የፕሬዚዳንቱ የየልሲን ካዝና ባዶ ነበር፣ የ1996 ምርጫ ደግሞ ደርሷል። መንግሥት ከባንኮች ተበደረ። መያዣ ያደረገው የነዳጅና የኒኬል ኩባንያዎቹን አክሲዮን ነው። ብድሩን እንደማይከፍል ሁሉም ያውቅ ነበር፤ አልከፈለምም። ጨረታ የሚያካሂዱትና ጨረታ የሚያሸንፉት እነዚያው ባንኮችና ወዳጆቻቸው ሆኑ። ምናልባት ላቡ የፈሰሰው ባኛ፣ የእንፋሎት መታጠቢያቸው፣ ውስጥ ይሆናል።

የመድፈኛው ልጅ፦
ባኛ ውስጥ! ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ።

ጠበቃው፦
ቀልዱን ተዉትና፣ ይሄ ነገር ፍርድ ቤት የታየ ነው። ቤሬዞቭስኪ ለንደን ላይ ድርሻዬን አስገድዶ በርካሽ ወሰደብኝ ብሎ ከ3 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ጠየቀው። እዚያ ችሎት ላይ የአብራሞቪች የራሱ ጠበቃ የ1995ቱ ጨረታ የተቀነባበረ እንደነበር አምኗል። መከላከያቸው ምን ነበር? ቤሬዞቭስኪ ሸሪክ አልነበረም፣ «ክሪሻ» ነበር አሉ። ጣሪያ ማለት ነው። ከላይ ሆኖ የሚጠብቅህና በየጊዜው የምትከፍለው ሰው። በጠቅላላ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍያለሁ ብሏል።

ሰማያዊ እስከ ሞት፦
ግማሹን ብቻ አታውራ፣ ጠበቃ ነህ አይደል? በ2012 ማን አሸነፈ? ዳኛዋ ቤሬዞቭስኪን የማይታመን ምስክር ነው አለችው። አብራሞቪችን እውነተኛ ነው አለች። እውነተኛ! የእንግሊዝ ዳኛ ናት። በወንጀል የፈረደበት ፍርድ ቤትም የለም።

ጠበቃው፦
እውነተኛ ያለችው ለጣሪያ እከፍል ነበር ሲላት አምናው ነው እኮ።

የመድፈኛው ልጅ፦
ከዚህ በኋላ እዚህ ቤት «በላቡ» የሚል ካለ ኪራይ የምንጠይቀው በጣሪያ ነው።

ሰማያዊ እስከ ሞት፦
ሳቁ። ያኔ እዚያ አገር ጣሪያ ሳይኖረው የሠራ አንድ ሰው ጥሩልኝ። ሌላው ባለሀብት ኮዶርኮቭስኪ ዩኮስ የሚባለውን የነዳጅ ኩባንያ የያዘው በዚያው የ1995 መንገድ አይደለም? እሱ ሲታሰር ምዕራቡ ሁሉ ጀግና አደረገው። የኔ ሰውዬ ሲሆን ሌባ።

ጠበቃው፦
ይቺኛዋ ትነፋለች። በ2003 ሁለቱ ኩባንያዎች ሊዋሐዱ ጫፍ ደርሰው ነበር። በዚያው ዓመት አንዱ ቼልሲን ገዛ፣ ሌላው አውሮፕላን ውስጥ ተይዞ እስር ቤት ገባና አሥር ዓመት ተቀመጠ። ልዩነቱ ላብ አይደለም። አንደኛው ፖለቲካ ነካካ። ሌላኛው ደግሞ ዝም ብሎ የራሺያ ጫፍ በሆነችው ቹኮትካ ገዢ ሆኖ ተቀመጠ።

ሰማያዊ እስከ ሞት፦
ቹኮትካን እንኳን አነሳህልኝ። ከኪሱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሠራ። የራሱ ባለሥልጣን አንድ የውኃ ቦኖ ያልሠራለት ሰው ይፈርድበታል።

ጋሽ ሞስኮ፦
ሠርቷል፣ ልክ ነህ። ሲብኔፍትም ነዳጁን እዚያ በተመዘገቡ ኩባንያዎች በኩል እየሸጠ ግብር ይቀነስለት ነበር። ሁለቱንም አብረህ ጻፍ።

የቤር ሸባዋ፦
እኔ ኳስ አላይም፣ ግን ይሄን ሰው በደንብ አውቀዋለሁ። በ2018 የእንግሊዝ ቪዛው ሲጓተትበት ወደኛ ወደ እስራኤል መጣና ወዲያው ዜጋ ሆነ። በኋላ ደግሞ ፖርቱጋል ጨመረ። አባቴ ጎንደር ላይ ወረቀት ይዞ 11 ዓመት ጠብቆ ነው የገባው። ዛሬም የሚጠብቁ ዘመዶች አሉኝ። በዚያ ላይ አዲስ የገባ ሰው ከውጭ በሚያገኘው ገቢ 10 ዓመት ግብር አይከፍልም። የአባቴ የውጭ ገቢ ምንድን ነው? ጎንደር የቀረች አንዲት ላም?

ሰማያዊ እስከ ሞት፦
እህቴ፣ እሱ እኮ ለሆስፒታሎቻችሁ ብዙ ሰጥቷል።

የቤር ሸባዋ፦
ሰጥቷል። እናቴም ሆስፒታል ወለል ታጸዳለች። በላቧ።

የመድፈኛው ልጅ፦
ዘጋችው!

ሰማያዊ እስከ ሞት፦
አንተ ዝም በል። የኡስማኖቭን ብር ረሳኸው? የአርሴናልን 30 ከመቶ እስከ 2018 የያዘው ማን ነበር? የኡዝቤኪስታን ልጅ፣ የብረት ቢሊየነር፣ የሞስኮ ሰው። 550 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፍሎት ነው የወጣው። ያኔ ላብህ አልሸተተህም?

የመድፈኛው ልጅ፦
ኡስማኖቭ ቦርድ ውስጥ እንኳን አላስገቡትም። ዋንጫም አልገዛልንም።

ሰማያዊ እስከ ሞት፦
ዋንጫ ስላልገዛ ንጹሕ ሆነ? ይሄ ነዋ የናንተ ቂም! ሚዩኒክ 2012፣ 88ኛው ደቂቃ፣ ድሮግባ በጭንቅላቱ። ያቺን ማታ ጠላ ቤት ሳይቀር ሰማያዊ ነበር። ድሮግባን፣ ኤሲየንን፣ ሚኬልን አንድ ማልያ ውስጥ ያየነው በማን ብር ነው? አፍሪካ ቼልሲን የወደደችው በዚህ ነው።

የመድፈኛው ልጅ፦
ለዚያ ነዋ በ2022 በርንሌይ ሜዳ ሰው ለዩክሬን ሲያጨበጭብ የናንተ ደጋፊ የአብራሞቪችን ስም የዘፈነው። የያኔው አሰልጣኛችሁ ቱሄል ራሱ አፈረባችሁ።

ጠበቃው፦
ወደ «ቀሙት» እንመለስ። ማንም አልቀማውም። እንግሊዝ ማዕቀብ የጣለችበት ማርች 10 ቀን 2022 ነው። ክለቡን እሸጣለሁ ያለው ግን ከዚያ በፊት ራሱ ነው፤ ክለቡ ያለበትን 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ብድርም አልጠይቅም ብሏል። የሽያጩ 2.5 ቢሊዮን ፓውንድ ባንክ ውስጥ ታግዶ ተቀመጠ። ጭቅጭቁ አንዲት ቃል ላይ ነው። እሱ «ለጦርነቱ ተጎጂዎች ሁሉ» አለ። እንግሊዞች ዩክሬን ውስጥ ላሉት ብቻ ይሁን አሉ። በጁን 2025 የእንግሊዝ ሚኒስትሮች ካልተስማማህ ፍርድ ቤት እንገናኝ ብለውታል።

ሰማያዊ እስከ ሞት፦
«ሁሉ» ማለት ምን ነውር አለው? ተጎጂ ተጎጂ ነው።

የቤር ሸባዋ፦
«ሁሉ» ውስጥ የራሺያ ወታደር ቤተሰብ ይገባል ብለው ነው የፈሩት። እኔም ብሆን እጠይቃለሁ።

ሰማያዊ እስከ ሞት፦
በዚያው በ2022 የተማረኩ እንግሊዛውያን ሲለቀቁ አውሮፕላኑ ውስጥ ማን ነበር? እሱ! ዘለንስኪ ራሱ አሜሪካ ማዕቀብ እንዳትጥልበት ጠይቆለታል። ከእሱ በላይ ዩክሬናዊ ልትሆኑ ነው?

ጋሽ ሞስኮ፦
ያ እውነት ነው፤ መካድ የለበትም። ሰው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። እኔ የተናደድኩት በቃሉ ነው። ያቺ ጠባቂ ስሟ እንኳን የትም አልተጻፈም።

የመድፈኛው ልጅ፦
እኔም የተነሳሁት በቃሉ ነው። ሬዲዮው ላይ ደውዬ «በላቡ» የሚለውን እንዲያነሱት እጠይቃለሁ።

ሰማያዊ እስከ ሞት፦
ደውል። እኔም እደውላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዲኤስቲቪ ቤት መግቢያ የከፈልኩት በላቤ ነው ብዬ።

የመድፈኛው ልጅ፦
እሱስ ያስኬዳል። ግን ባለፈው እሁድ የተበላኸው የማኪያቶ ዕዳ የት ደረሰ?

ሰማያዊ እስከ ሞት፦
ሂሳቤ ታግዷል።