ማሲንቆና የብራና ሥዕል ይዞ ከአገር የወጣ ሰው ካለ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ማሲንቆ እጫወታለሁ፣ ብራና ላይም እሥላለሁ። በባህል ልውውጥ ፕሮግራም ጀርመን ተጋብዤ ከአንዲት የቼሎ ተጫዋች ጋር መድረክ ላይ ልንሠራ ነው። የቪዛው ጉዳይ አልቋል። የጨነቀኝ ዕቃው ነው።

ማሲንቆዬ በፍየል ቆዳ የተወጠረ ነው፤ ክሩም የደጋኑም ጅማት የፈረስ ጭራ ነው። ሥዕሎቹም ያው ቆዳ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከእንስሳት የተገኘ ነገር ሲገባ ቁጥጥሩ ጥብቅ ነው። ጭራውን በናይለን ቀይረው የሚሉኝ አሉ። ግን ያ ሻከር ብሎ ሆድ የሚያባባው ድምፅ የሚወጣው ጭራ በዕጣን ታሽቶ ከጭራ ጋር ሲፋተግ ነው። የተጋበዝኩትም ለዚያ ድምፅ ነው፤ እንዴት ልቀይረው?

ሌላው ጭንቀቴ ቦሌ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ትክክል ነው፤ ስንት ብራናችን ተዘርፎ በባዕድ አገር ቀርቷል! የእኔ ሥዕሎች ግን አዲስ ናቸው፤ ብራና ደግሞ አዲሱም ያረጀ ይመስላል።

ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከባሕር ዳር ይገኛል ወይስ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው? ለቆዳውና ለጭራውስ የእንስሳት ጤና ማስረጃ የሚሰጠው ማን ነው? ማሲንቆውን በእጅ ይዞ መግባትስ ይፈቀዳል? ጭነት ውስጥ ከገባ አንገቱ እንዳይሰበርብኝ እሰጋለሁ። በዚህ ያለፋችሁ፣ የትኛውን ቢሮ መጀመሪያ እንደረገጣችሁ ብቻ እንኳ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።