መብራት፣ ኔትወርክና ባንክ አብረው ቢቋረጡ፦ ለእድራችን ጉባኤ የሚቀርብ የዝግጅት ረቂቅ

ፀሐፊ፦ ለእሁዱ ጉባኤ አንድ የጋራ ሐሳብ ይዘን መቅረብ አለብን። እስካሁን የመጣው አስተያየት ሁለት ጫፍ ይዟል። ገሚሱ ጄኔሬተርና የ3 ወር እህል ይገዛ ይላል፤ ገሚሱ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ እድር ምን አገባው ይላል። እኔ የማቀርበው መነሻ 7 ቀን ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ድርጅት የላከው የተበላሸ ማሻሻያ በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ አወጣ። ማሻሻያው በሰዓት ተኩል ውስጥ ቢመለስም ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ በእጅ መስተካከል ስለነበረባቸው ሥራው ቀናት ፈጀ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ የንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ አገልግሎቱ ለሰዓታት ቆሟል። ለ3 ወር ከመሰብሰብ ለአንድ ሳምንት በደንብ መዘጋጀት ይሻላል።

አንድ አባል፦ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ አጠገባችን እያለ የመብራቱ ስጋት አልተጋነነም?

የኤሌክትሪክ ባለሙያ፦ አልተጋነነም፣ ወንድሜ። ጣና በለስ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ኃይሉን የሚያስገባው ግን ወደ ብሔራዊው መስመር ነው። መስመሩ ሲናጋ ማመንጫ ጣቢያዎችም ራሳቸውን ለመጠበቅ ከመስመሩ ይወጣሉ፤ ቅርበታችን አያድነንም።

ጄኔሬተሩን እቃወማለሁ። ቤንዚን መኖሪያ ግቢ ውስጥ ማከማቸት ለእሳት መጋበዝ ነው። በዚያ ላይ ጄኔሬተሩን ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን የሚመግብ ሰው ቆጣሪውን ካላጠፋ ኃይሉ ወደ ምሰሶው ተመልሶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል። ለስልክና ለመብራት ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይበቃናል። በወረቀት 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ቶሎ ስለሚሞት ግን 600 ብላችሁ ቁጠሩት። ሁለት የ5 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 50 ይወስዳሉ። አንድ ስልክ ከብክነቱ ጋር 15 ቢፈልግ በቀሪው 36 ስልክ ይሞላል። ሶላሩ 200 ዋት ይሁን። 100 ዋቱ በበጋ ሊበቃ ይችላል፤ በሐምሌ ደመና ግን ባትሪውን አይመልሰውም። ባለ 20 አምፔር የቻርጅ መቆጣጠሪያ መሀል ይግባ። ሶላሩን በቀጥታ ባትሪው ላይ ያሰረ ሰው አሲዱን አፍልቶ ያደርቀዋል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የ30 አምፔር ፊውዝ ይኑር፤ ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ይቀመጥ።

ሰብሳቢ፦ ባትሪውን ድንኳኑና ወንበሩ ያለበት መጋዘን እናድርገው። መስኮት አለው።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ጥሬ ገንዘብ አጥብቄ የምናገረው አለ። ይህን ረቂቅ ሰምቶ አባሉ ሁሉ ሰኞ ጠዋት ባንክ ቢሰለፍ ችግሩን የፈጠርነው እኛው ነን። እያንዳንዱ ቤት የአንድ ሳምንት የአስቤዛ ወጪውን ብቻ፣ በ3 ወር ውስጥ ቀስ እያለ ያስቀምጥ። ኖቱ ባለ 10፣ ባለ 50ና ባለ 100 ይሁን፤ መልስ በሌለበት ቀን ባለ 200 ብቻ የያዘ ሰው ግማሽ ኪሎ ስኳር መግዛት ይቸግረዋል። እድሩ ራሱ ለ2 ሐዘን የሚከፈለውን ያህል በሳጥን ይያዝ፤ ሞት ባንክ እስኪከፈት አይጠብቅም። ሳጥኑ 3 ቁልፍ ይኑረው። የአባላት መዝገብም በየወሩ ታትሞ ይፈረምበት፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ብቻ የሚታወቅ መዋጮ ለክርክር ይዳርጋል።

የጤና ባለሙያ፦ ውሃውን እኔ ልያዘው። ከተማው ውሃ የሚያገኘው በፓምፕ ነው፤ መብራቱ ሲቆም ቧንቧውም ይከተላል። ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር እንያዝ። አምስት ሰው ላለበት ቤት 7 ቀን 140 ሊትር ነው፣ 7 ጀሪካን። ኪራይ ቤት ላለ ይህ አይቻልም። ስለዚህ ለ3 ቀን 60 ሊትር፣ ማለትም 3 ጀሪካን ከቧንቧ ተቀድቶ ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ የጉድጓድ ውሃ ታክሞ ይጠጣ። በ20 ሊትር ጥሩ ውሃ ላይ ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና 2 ሚሊ ሊትር በመርፌ ስሪንጅ ተለክቶ ይጨመርና 30 ደቂቃ ይቆይ። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ ይጥለል፣ በነጠላ ይጠለል፣ በረኪናው 4 ይሁን። ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና ኃይሉን ያጣል፤ የተገዛበት ቀን ይጻፍበት።

ጣናን የመጨረሻ አማራጭ እናድርገው። ዳር ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚንሳፈፈው ነገር መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ይህን መርዝ ማፍላትም አያጠፋውም። ለመቅዳትም ሐይቁ ውስጥ እግር አይነከር፣ ቢልሃርዝያ አለ።

ኢንሱሊን የሚወስዱ አባላት ስም በምስጢር ይያዝ። የተከፈተ ኢንሱሊን አብዛኛው ዓይነት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባልበለጠ ጥላ ቦታ ለ28 ቀን ያህል ይቆያል፤ በረዶ ከነካው ግን ይበላሻል።

አንዲት እናት አባል፦ ልጆቼ፣ እህል አይጠፋም፤ የጎጃም ጎተራ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ችግሩ ወፍጮ ቤቱም ምጣዱም በመብራት መሥራታቸው ነው። የ2 ሳምንት ዱቄትና ሽሮ ተፈጭቶ ይቀመጥ። ጥሬ ጤፍ ይዞ መቀመጥ አያበላም። በሶና ቆሎ እሳት እንኳ አይጠይቁም። ከሰል ደግሞ በተዘጋ ቤት እንዳይነድ ተብሎ ይጻፍልኝ።

ፀሐፊ፦ እንዳሉት ይገባል፣ እትዬ።

የኮምፒውተር መምህር፦ ቀኑ የሚታወቅ አደጋም አለ። ጊዜን በ32 ቢት፣ ማለትም ከተወሰነ ቁጥር ማለፍ በማይችል የኮምፒውተር ቆጠራ፣ የሚቆጥሩ ያረጁ ሥርዓቶች ቁጥራቸው የሚሞላው ጥር 11 ቀን 2030፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ 1901 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይመለሳሉ። ለእኛ ትርጉሙ ትንሽ ነው፦ እድሩ ያገለገለ አሮጌ ኮምፒውተር ለመዝገብ አይግዛ።

ሰብሳቢ፦ ኔትወርክ ሲጠፋ መልእክቱን ማን ያደርሳል? ጥሩምባ ነፊያችን አለ። በየመንደሩ አንድ ተጠሪ ይመደብ፤ ስልክ ካልሠራ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 11 ሰዓት መጋዘኑ በር ላይ ይገናኙ። ከጉባኤው በኋላ ባለው እሁድ ፈቃደኛ ቤቶች ቆጣሪያቸውን ከጠዋት እስከ ማታ አጥፍተው ይሞክሩት፤ የጎደለው ያኔ ይታያል። የሳጥኑን ሦስተኛ ቁልፍ ማን ይያዝ?

ገንዘብ ያዥ፦ አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ እርስዎ ዘንድ ነው። ሦስተኛውን ጥሩምባ ነፊው ይያዘው እላለሁ፤ ሌሊት የሞት መርዶ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው።

ሰብሳቢ፦ ይሁን። ፀሐፊ፣ እስከ ሐሙስ በወረቀት አውጣልን።